ጳጉሜን 6 እና የፐርል ቋንቋ፦ ኦብጀክት ለምን? በየትኛውስ መንገድ?

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ ሁሉ ውሎ አድሮ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ ሥራውን በኦብጀክት ተኮር ዘዴ ያዋቅረው ወይስ አያዋቅረው የሚለው ነው። ቋንቋው ጃቫ ከሆነ ውሳኔው በአብዛኛው በቋንቋው ነዳፊዎች ተወስኖ አልቋል። እንደ ፐርል ባለ ነባር የስክሪፕት ቋንቋ ግን ምርጫው ለጸሐፊው የተተወ ነው፤ መንገዱም ከአንድ በላይ ነው። በእኛ እምነት ይህ ምርጫ በልማድ ወይም በፋሽን ሳይሆን፣ ፕሮግራሙ ከስሕተት ሊጠብቀው በሚገባው ነገር መወሰን አለበት።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ሰው የልደቱን ቀን የሚናገረው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። ኮምፒዩተሩ ግን የሚቆጥረው በግሪጎሪያን አቆጣጠር ነው። አንዲት ሕፃን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ተወለደች እንበል። ወራት ዐሥራ ሁለት ብቻ ናቸው ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ይህችን ሕፃን አይመዘግብም፤ መዝጋቢው ሠራተኛም ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ብሎ ለማለፍ ይገደዳል። በሌላ በኩል፣ የወሩ ቀን ከ1 እስከ 30 መሆኑን ብቻ የሚያጣራ ፕሮግራም ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሰጠው ያለ ማንገራገር ይቀበላል። እንዲህ ያለ ቀን ግን ፈጽሞ አልነበረም። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ፣ ይኸውም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ ነው። የክትባት ቀጠሮና የትምህርት ቤት መግቢያ ዕድሜ የሚሰሉት ከዚሁ ከልደት ቀን በመሆኑ ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም።

እንግዲህ ቀን ሦስት ቁጥሮች ብቻ ሳይሆን፣ ሦስቱን የሚያስተሳስር ሕግም ጭምር ነው። ሕጉ በየፋይሉ ተበትኖ ሲጻፍ አንዱ ጋ ይታረምና ሌላው ጋ ይረሳል። ቁጥሮቹንና ሕጋቸውን በአንድ ክላስ ውስጥ ማኖር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የተሳሳተ ቀን ገና ሲፈጠር ይታገዳል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር ክላስ ይሁን ማለት አይደለም። 2015ን ወደ ፳፻፲፭ መለወጥን እንውሰድ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የሌለው፣ በሃያ ምልክቶች የሚጻፍ በመሆኑ ስሌቱ ጥቂት ያስባል። ይሁን እንጂ ቁጥር ይገባል፣ ጽሑፍ ይወጣል፤ በመካከሉ የሚታወስም የሚጠበቅም ነገር የለም። ለዚህ አንድ ፈንክሽን በቂ ነው። ሁሉን በክላስ መጻፍ የብስለት ምልክት ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ልዩነት ልብ ሊሉት ይገባል።

ክላስ ያስፈልጋል ካልን በየትኛው መንገድ እንሥራው? ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ፐርል ኦብጀክትን ያገኘው በ1994 በወጣው አምስተኛ ዕትሙ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ተራ ሃሽ ይወሰድና «ብሌስ»፣ በአማርኛ «ባርክ» እንደ ማለት፣ በሚባል ትእዛዝ የክላስ አባል ይደረጋል። ምንም ተጨማሪ ነገር መጫን ስለማያስፈልግ በየትኛውም የፐርል 5 ማሽን ላይ ይሠራል። ጉዳቱ ሃሹ አጥር የሌለው መሆኑ ነው። ከክላሱ ውጭ ያለ ኮድ ወሩን 14 ሊያደርገው ይችላል። «ወር» የሚለውን ቁልፍ «ውር» ብሎ ለሚጽፍ ሰውም ቋንቋው ሳይገሥጸው አዲስ ቁልፍ ይፈጥርለታል።

በ2006 የወጣው ሙስ የተባለው ሞጁል ባሕርያትን በግልጽ ማወጅንና ዓይነታቸውን ማጣራትን አመጣ። ሆኖም ሌሎች ብዙ ሞጁሎችን ይዞ የሚጫን በመሆኑ የፕሮግራሙን አነሣሥ ያዘገያል፤ በየደቂቃው ለሚነሣ ትንሽ ስክሪፕት ይህ ሸክም ነው። በ2023 የወጣው ፐርል 5.38 ደግሞ ክላስን፣ ፊልድንና ሜተድን በቋንቋው ውስጥ አካተተ። ፊልዱ ከውጭ በቀጥታ አይነካም፤ ስሙ በስሕተት ከተጻፈም ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ይታወቃል። ነገር ግን ሲወጣ «የሙከራ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነው፤ የቆየ ዕትም በተጫነበት ማሽን ላይም አይሠራም።

የእኛ አቋም ይህ ነው። ለመማርና በራስ ማሽን ላይ አዲስ ሥራ ለመጀመር የ2023ቱን መንገድ እንመርጣለን። ለዓመታት መቆየት ላለበትና ማሽኑን ለማናዝበት ሥራ ግን ባረጀው «ብሌስ» ማፈር አይገባም፤ የቀኑን ሕግ በሚፈጥረው ሜተድ ውስጥ አጥብቆ ማጣራትና ሃሹን ከውጭ አለመንካት ብዙውን ጉዳት ያስቀራል። ሌላ ሰው የጀመረውን ስንቀጥል ደግሞ የእርሱን መንገድ እንከተል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በተጀመረ ነጠላ መካከል ድሩን አይለውጥም።

ከዚህም በፊት የተሠራውን መፈለግ ይገባል። ዳንኤል ያዕቆብ የኢትዮጵያን ቀን፣ የግዕዝን ቁጥርና በፊደላችን የሚደረግ ፍለጋን የሚመለከቱ የፐርል ሞጁሎች አዘጋጅተው ሲፓን በተባለው የሞጁሎች ማከማቻ ለሕዝብ አቅርበዋል። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንበብ ብቻውን ትምህርት ነው።

የመመረቂያ ፕሮግራማችንን ከእኛ በኋላ የሚከፍተው ሌላ ተማሪ ነው። ስለዚህ ክላስ ከመጻፋችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ የሚጠበቀው ሕግ ምንድን ነው? ተተኪያችንስ ሊያነበው ይችላል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካጣን ፈንክሽን ይበቃናል።