ርችቱ አምደወርቅ ሳይደርስ

በዓል በመጣ ቁጥር ስልካችን በርችት ቪዲዮ ይሞላል። አዲስ አበባ ላይ የእንቁጣጣሽና የገና ዋዜማ ሲሆን መንገድ ዳር ይሸጣል፣ ልጆች ይለኩሱታል፣ ሰፈሩ ይንጣጣል። ያምራል፣ አንዋሽም።

ግን ይሄ ነገር ወደ ወረዳ ከተሞች ሲወርድስ? የዋግ ኽምራዋን አምደወርቅ እናስብ፣ የዳህና ወረዳን ዋና ከተማ። ከተማ እንበላት እንጂ ፍየሉም አህያውም ከሰው ጋር እዛው ግቢ ነው የሚያድረው። አገሩ ደግሞ ተራራና ገደል ነው። በጨለማ በርግጎ የወጣ ከብት የት እንደሚገባ መገመት አይከብድም። ያረገዘች ፍየልም በድንጋጤ ልትጨነግፍ ትችላለች።

ወፎችም አይተርፉም። በፈረንጆቹ 2021 አዲስ ዓመት ሌሊት፣ ሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወፎች አስፋልት ላይ ሞተው ተገኝተዋል፤ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ጣታቸውን የቀሰሩት ርችት ላይ ነው።

ቀለሙም ከብረት ነው የሚመጣው፦ ቀዩ ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ከባሪየም፣ ሰማያዊው ከመዳብ። ጭሱን እንተነፍሰዋለን፣ ብናኙ አፈርና ውሃ ላይ ያርፋል።

ለዋግ ግን ከሁሉም የሚያስፈራው እሳቱ ነው። ገናና ጥምቀት የሚውሉት በበጋ፣ እህል ተወቅቶ ጭዱ በሚከመርበት ሰሞን ነው። ዝናብ አጠር በሆነ አገር ያ ክምር የበሬው የወራት ቀለብ ነው። አንድ ፍንጣሪ ካረፈበት በሬው ይራባል ወይ ይሸጣል፣ በሬው ከተሸጠ ደግሞ የክረምቱ እርሻ በምን ይታረሳል?

ሌላም አለ። ዋግ ጦርነት ያየ አገር ነው። ሌሊት ድንገት ሲፈነዳ እናቶች መጀመሪያ የሚያስቡት በዓል አይደለም።

ርችት የከተማ ችግር ነው ብለን ደግሞ አንመጻደቅ፤ በክልላችን ገጠር ሠርግ ላይ ጥይት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ለፍየሏ ጥይቱም ርችቱም ያው ነው፣ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል።

በዓል ለማድመቅማ ዋግን ማን ያክለዋል? ነሐሴ 16 ሻደይ ይገባል፣ ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው እየጨፈሩ ይወጣሉ። ከበሮው ሲመታ ፍየሎቹ ቀና ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ።