ባሕር ማዶ ስለሚላክ ዕቃ ዋጋ

በሩቅ አገር የሚኖር ገዢ ዕቃውን በእጁ ሳይዳስስ ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላልና፥ ሐሰተኛ ሻጭም ስለማይጠፋ፥ አቤቱታው መሰማቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በጎረቤት አገር በኬንያ፥ ኪዮንዶ የሚባለውን ቅርጫት እየሠራች በኢንተርኔት ለውጭ አገር ሰው የምትሸጥ ሴት፥ «ዕቃው አልደረሰኝም» የሚል ክስ በቀረበባት ጊዜ፥ ማስረጃዋ እስኪመረመር ድረስ ገንዘብዋ ይታገድባታል። ፔይፓል የተባለው የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት እንዲህ ያለውን ክስ ዋጋው ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ይቀበላል። የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ደግሞ ላኪው ስለ ጠፋበት ዕቃ የሚጠይቅበትን ጊዜ በ6 ወር ወስኖታል። እንግዲህ ገዢው በመጨረሻው ቀን ቢከስ፥ ዕቃውን ወዲያው የላከችው ሻጭ ፖስታ ቤትን የምትጠይቅበት ጊዜ ከጥቂት ቀን አይበልጥም። ታላቁ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ኪሳራ ከትርፉ ይሸፍነዋል፤ እርስዋ ግን የብዙ ቀን ድካምዋን ታጣለች።

ኢትዮጵያም ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዚሁ ኅብረት አባል ናት። ስለዚህ የሸማኔ ልብስ ወደ ውጭ አገር በአደራ ሲላክ፥ የፖስታ ሹማምንት ተረካቢው መፈረሙን ሳይጠየቁ ለላኪው ሊያስታውቁ ይገባቸዋል። ያለ ፊርማ የተሰጠውን ጥቅል ማን እንደ ወሰደው በ6ኛው ወር የሚያስታውስ ፖስተኛ አይገኝምና።