አሮጌውን ከርነል አታባርሪው!

ጠያቂያችን በኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ የምትተዳደር ወጣት ናት። ኡቡንቱ የተጫነበት ማሽኗ እየተንቀራፈፈ ደንበኛ አሸሽቶባታል፤ ጓደኛዋ ደግሞ «ከርነሉን ቀይሪው፣ ይበርልሻል» ብሏታል። እውነት ይበር ይሆን?

እህቴ፣ ከርነል ማለት በዕቃውና በፕሮግራሞቹ መሐል ቆሞ ሥራ የሚያከፋፍለው የሲስተሙ እምብርት ነው። አዲሱ ሲገባ የደኅንነት ቀዳዳ ይደፍናል፣ አዳዲስ ዕቃ ይለያል። ራም ያነሰውን ማሽን ግን አንበሳ አያደርገውም። መጀመሪያ ስዋፒነስ የሚባለውን ቁጥር ከ60 ወደ 10 አውርደሽ እዪው፤ ሲስተሙ ቶሎ ቶሎ ወደ ዲስክ እንዳይሮጥ ይገታዋል። ካልተመቸሽ መልሺው፣ ከፍለሽበት አይደል!

ከርነሉን ከቀየርሽም አሮጌውን እንዳታጠፊ። ኡቡንቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የሚያስቀምጣቸው። አዲሱ ጥቁር ስክሪን ይዞ ከተገተረ፣ ማሽኑን ስታስነሺ ኤስኬፕ ወይም ሺፍት ነክተሽ የግሩብን ዝርዝር አውጪ፤ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ የቀድሞው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

መብራት እልም በሚልበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ አይሞከርም፤ መሐል ላይ የተቋረጠ ጭነት ማሽኑን አልነሳም ሊያሰኘው ይችላል። የደንበኞችሽን ፋይል በፍላሽ ሳትገለብጪማ ወይ ፍንክች! ጓደኛሽ ከቸኮለ በራሱ ማሽን ይሞክረው።