ለመሰበር የተሠራች ፒን

አንባቢ ሆይ፤ በጣና ወይም በአዋሳ ሐይቅ ላይ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለውን ሞቶር አይተህ ይሆናል። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. በሚልዋኪ ከተማ ለገበያ ያቀረበው ሞቶር ጉልበቱ አንድ ተኩል ፈረስ፥ ክብደቱም 28 ኪሎ ያህል ነበር። በስሙ የሚጠሩት ሞቶሮች ሥራ በ2020 ቆመ፤ አሮጌዎቹን እየሰበሰቡ የሚጠግኑ ሰዎች ግን ዛሬም አሉ።

ከነዚህ ሰዎች አንድ ነገር እንማራለን። በብዙ አሮጌ ሞቶሮች ላይ ውሃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው አንዲት ትንሽ ፒን ናት። የተሠራችውም ሆን ተብሎ እንድትሰበር ነው። ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋር ሲጋጭ እርስዋ ትቆረጣለች፤ የማርሹ ጥርሶች ግን ይድናሉ።

ችኩል ሰው በመሰበርዋ ተናዶ በቦታዋ ጠንካራ ሚስማር ይከታል። ሚስማሩስ አይሰበርም፤ በሚቀጥለው ግጭት የሚሰበረው ማርሹ ነው። ለአሮጌ ሞቶር ደግሞ ማርሽ እንደ ልብ አይገኝም። ብልህ ሰብሳቢ ግን ትርፍ ፒንና መቅዘፊያ ሳይዝ ከዳር አይርቅም፤ ፒንዋ ከተቆረጠች ሞቶሩ ቢጮኽም ጀልባው አይሄድምና።

አንተስ፥ አንባቢዬ? ቫልቮላው በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ ትጠቀልልበት የለምን? ያን ጊዜ ቫልቮላው አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ቤቱ ነው። እንግዲህ አንድ ትንሽ ነገር ደጋግሞ ሲሰበርብህ፥ ከመናደድህ አስቀድመህ «ምንን ሊያድን ተሰበረ?» ብለህ ጠይቅ።