ፕራሳድ፣ ቡና ቀላ እና የጎረቤት ማዕድ



ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ከደዶ ወጥቶ በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ የሚማር አንድ ወንድማችን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልን። የክፍል ጓደኛው እናት ለጋኔሽ በዓል ቤታቸው ጠርተውት ነበር። ምሳ ተበልቶ ካበቃ በኋላ እናትየዋ በትንሽ ሳህን ነጭ ነገር አምጥተው በቀኝ እጁ ላይ አኖሩለት። ቅርጹ እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ነው፤ ከሩዝ ዱቄት ተሠርቶ ውስጡ ኮኮናትና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር አለበት። «ፕራሳድ ነው» አሉት። ልጃችን ምን እንደሆነ ያውቃል። ጠዋት ሲገባ ያው ምግብ በሳሎኑ ጥግ፣ የዝሆን ራስ ባለው ምስል ፊት ተደርድሮ አይቶታል። እምቢ ማለት አሳፈረው፤ መብላትም አስፈራው። በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተውና ወደ ማደሪያው ሲመለስ መንገድ ላይ ላገኘው ውሻ ሰጠው። መልእክቱ የሚያልቀው በሁለት ጥያቄ ነው፦ «በመቀበሌ ጌታን በደልኩ? ወይስ ባለመብላቴ እኚያን እናት በደልኩ?»

መልእክቱን ሸኪ ላይ ከሐሙስ ጸሎት በኋላ ቡና እየጠጣን አብረን ሰማነው። ውሻው ጋ ሲደርስ ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከበደን። አንዳንዶቻችን ወዲያው «ለጣዖት የተሠዋ ነው፣ አለቀ» አልን። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት እናታችን ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እኛስ ምን ስንበላ ነው ያደግነው?» አሉ። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

አስቀድመን ነገሩን በትክክል እንወቅ። ሳያውቁ መፍረድ የአማኝ ጠባይ አይደለም። በሂንዱ አምልኮ ምግብ አብስሎ በአምላክ ምስል ፊት ማቅረብ ትልቅ ነገር ነው። የሚያበስለው ሰው ታጥቦ ይገባል፤ ምግቡ ሳይቀርብ በፊት ቀምሶ ጨውና ስኳሩን እንኳ አይለካም። የቀረበው ምግብ ናይቬድያ ይባላል። አምላኩ በመንፈስ ተቀብሎታል ተብሎ ሲታመን ደግሞ ያው ምግብ ፕራሳድ ሆኖ ለሰው ይመለሳል። ሰዎች በቀኝ እጅ፣ ግራውን ከሥር ደግፈው በአክብሮት ይቀበሉታል፤ መሬት እንዳይወድቅ ይጠነቀቃሉ፤ ወደ ቤት ወስደው ላልመጣው ቤተ ሰብ ያካፍላሉ። የሳንስክሪቱ ቃል «ጸጋ፣ ሞገስ» ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ያቺ እናት በልጃችን እጅ ላይ ያኖሩት በእርሳቸው ቋንቋ «ጸጋ» የሚባል ነገር ነው።

በውስጡ የሚያምር ነገር የለም ብለን አንዋሽም። በኦዲሻ ግዛት በፑሪ ከተማ ባለው የጃገናት ቤተ መቅደስ በሸክላ ማሰሮ የሚበስለው ምግብ ከቀረበ በኋላ ከፍተኛ ወገንና ዝቅተኛ ወገን የሚባሉት አብረው ይበሉታል። ሌላው ጊዜ አንዱ የሌላውን ወጥ ቤት እንኳ በማይረግጥበት አገር ይህ ቀላል አይደለም። የምንሰጠው ሁሉ ቀድሞም የአምላክ ነበር የሚሉ አስተዋይ ሂንዱዎችም ብዙ ናቸው። በጌታ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠን በዘርና በወንዝ ለምንከፋፈል ለእኛ ይህ ትንሽ ያሳፍራል።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ ቀጭን አይደለም። በፕራሳድ ሰው ያቀርባል፣ ምስሉ ይቀበላል፣ የተቀበለው በረከት ሆኖ ይመለሳል። የሚበላው ሰው የሚቀበለው ከዚያ አምላክ የመጣ ስጦታ ነው። ስለዚህ አውቆ መብላት ከመጥገብ ያለፈ ነገር አለው፤ ከሰጪው ጋር መዋል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 10 ያነሣው ነገር ይኸው ነው። ጳውሎስ ጣዖት በራሱ አንዳች ነገር እንዳልሆነ፣ ሥጋውም ያው ሥጋ እንደሆነ ያውቃል፤ በምዕራፍ 8 ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ሆኖም ከመሠዊያው የሚበላ ከመሠዊያው ጋር ኅብረት አለው ይላል፤ የጌታንም ማዕድ የሌላውንም ማዕድ በአንድ ላይ መካፈል እንደማይቻል ያስጠነቅቃል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን ገበያ የወጣውን ሥጋ ሳትጠይቁ ግዙ፤ የማያምን ሰው ቢጠራችሁም የቀረበላችሁን ሳትመረምሩ ብሉ ብሎ ያዝዛል። ሰው «ይህ ለጣዖት የቀረበ ነው» ብሎ ከነገራችሁ ብቻ፣ ስለ ነገራችሁ ሰው ስትሉ ተዉት ይላል። ምክንያቱ ያ ሰው ነው፤ በምግቡ ውስጥ መርዝ ስላለ አይደለም።

እናታችን ያነሡትም እዚህ ላይ ይገባል። እርሳቸው ያደጉት ከጎጀብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። በልጅነታቸው ቡና ቀላ ሲደረግ አይተዋል። ከከተማ ላደጋችሁ እናስረዳ፦ «ቀላ» በኦሮምኛ ማረድ ማለት ነው። ያልተፈለፈለው የቡና ፍሬ ጫፉ ይነከስና ወይም ይቆረጥና በቅቤ ይጠበሳል፤ ከብት እንደታረደ ተቆጥሮ ምርቃትና ጸሎት ይደረግበታል፤ ከዚያ ለተሰበሰበው ይታደላል። ይህ ሁሉ ጸሎት ወደ ጣዖት ነው ብሎ መናገር ስሕተት ነው። ብዙዎች ፈጣሪን፣ ዋቃን፣ ይለምኑበታል፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበትና በ1899 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እግዚአብሔርን የጠራው በዚሁ ስም ነው። በሌላ ቀን ግን ያው ቡና፣ ያው ቅቤ ለአቴቴ ይቀርብ ነበር። በወንዝ ዳር ለቦረንቲቻ ይታረድ ነበር። ቃልቻ ቤት የሚበላም ነበር።

«ያኔ ስንበላ ደስ ብሎን አይደለም» አሉ እናታችን። «ካልበላን ልጅ ይታመማል፣ ላሟ ትነጥፋለች ተብለን ነው። ጌታ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የወጣልኝ ፍርሃቱ ነው። አሁን ይህ ልጅ ደግሞ አንዲት ጣፋጭ ኪሱ ስለገባች የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው?»

መልስ አልነበረንም። እውነት ነው፤ ከቃልቻው ፍርሃት ወጥተን ወደ ሌላ ፍርሃት የገባን አለን። ምግቡ በራሱ ርኩስ መንፈስ ተሸክሞ በጉሮሮ የሚገባ ይመስለናል። ዕጣን ጢሶ ረከቦት ተዘርግቶ ስናይ የዛር ነው ብለን ከጎረቤት ቡና የሸሸንባቸው ዓመታት ነበሩ። ጎረቤቶቻችንም «ጴንጤ ቡና አይጠጣም» ብለው ጥሪውን ተዉ። ቶናውን ሳይሆን ጎረቤቱን አጣን። ሦስተኛው ሲኒ በረካ የሚባለው በረከት ከሚለው ቃል ነው፤ እርሱንም በምስጋና ብንጠጣው የሚቀየመን ጌታ አይደለም። ለአድባርና ለቆሌ ብለው ከስኒው መሬት ላይ ካንጠባጠቡና «አንተም ለእርሷ ብለህ ጠጣ» ካሉን ግን ያን ጊዜ በፈገግታ እንተወዋለን፤ ለምን እንደተውነውም እንናገራለን።

ከዚህ ጋር ብዙዎች የማይወዱትን አንድ ነገር እንበል። በደዶ የሚበዛው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። «የእስላም ሥጋ» እና «የክርስቲያን ሥጋ» የሚለው ልማድ ከእኛ በፊት የነበረ ነው፤ በሠርግ ላይ ለሙስሊም እንግዳ በሙስሊም እጅ የሚያሳርድ፣ ድስት የሚለይ ክርስቲያን ባለ ሠርግ ደግሞ የሚመሰገን ነው። ችግራችን አንዳንድ አገልጋዮች ይህን ልማድ ይዘው አንደኛ ቆሮንቶስ 8ን መጥቀሳቸው ነው። ጎረቤታችን በግ ሲያርድ ምስል አያቆምም፤ የፈጣሪን ስም ይጠራል እንጂ ምግብ ለምስል አያቀርብም፤ ከምስልም በረከት አድርጎ አይቀበልም። ይህን ከፕራሳድ ጋር ወይም ከቆሮንቶስ ቤተ ጣዖት ጋር ማስተካከል መጽሐፉንም ጎረቤቱንም መበደል ነው። በመሠረተ እምነት የምንለያይበት ብዙና ትልቅ ነገር አለ፤ ስለ ጌታ ኢየሱስ ማንነት ያለን ልዩነት በአንድ ቁራጭ ሥጋ አይሸፈንም። ሥጋውን ባለመብላት ግን ወንጌል አልመሰከርንም፤ ወገን ለየን እንጂ። በዐረፋ ለኢብራሂም መታሰቢያ ስለሚታረደው በመካከላችን ሁለት አሳብ አለ፤ እርሱን ለየኅሊናው ትተነዋል። ከእስልምና ወደ ጌታ የመጣ ወንድም ያን ማዕድ ሲያይ ቀድሞ ወደነበረበት የተመለሰ ከመሰለው ደግሞ እኛም ስለ እርሱ ስንል እንተዋለን። ሮሜ 14 የተጻፈው ለዚህ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና በአካባቢው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ወገኖቻችን ሲሰደዱ፣ በዚህ ዞን ያለን አማኞች ሁሉ ማዕድ መለያየት ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል አስበናል። ያቃጠሉትን ጥፋት ማዕድ ባለመቁረሳችን ላይ አንጭንም። ነገር ግን ቡናችንን አብሮን የሚጠጣ ሰው ስለ እኛ የሚወራውን ሁሉ በቀላሉ አያምንም።

ወደ ፑኔው ልጃችን እንመለስ። ኬረላ በምትባለው ደቡባዊት ግዛት ያሉ ክርስቲያኖች አባቶቻችን ወንጌልን የሰሙት ከሐዋርያው ቶማስ ነው ይላሉ፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገራችን መጥተው ካስተማሩት የሕንድ መምህራን ብዙዎቹ ከእነርሱ ወገን ነበሩ። ይህን ጥያቄ ከእኛ ይልቅ ረጅም ዘመን ኖረውበታል፤ ስለዚህ በፑኔ ካለች የአማኞች ኅብረት ጋር ተጠግቶ እንዲጠይቅ ነገርነው። የራሳችንንም መልስ ላክንለት። ሳይዘጋጅ በመቀበሉ አልበደለም። ጌታ በሶፍት የተጠቀለለ ጣፋጭ አይፈራም። ነገር ግን ምን እንደሆነ ተነግሮት አውቆ ቢበላ ኖሮ ለእናትየዋ «የአምላክሽን ጸጋ ተቀብያለሁ» ማለቱ ነበር፤ እርሳቸውም እንደዚያ ይረዱት ነበር። የበደለው፣ በደል ካልን፣ ኪሱ መክተቱና ለውሻ መስጠቱ ነው፤ የሴትዮዋን ፍቅር በእውነት ፈንታ በድብቅ መለሰው። ሄዶ ይንገራቸው አልነው።

ሄደ። ሙዝ ገዝቶ ይዞ ሄደ። ውሻውን ሳይቀር ነገራቸው (ይህን እንኳ ባይነግራቸው ይሻል ነበር ያልን አለን)። እናትየዋ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም «ለአምላክህ ታዲያ ምን ታቀርብለታለህ?» ብለው ጠየቁት። ልጃችን ስለ መስቀሉ፣ መጀመሪያ የሰጠን እርሱ እንደሆነና እኛ ባዶ እጃችንን እንደመጣን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገራቸው፤ ጓደኛው በማራቲ ተረጎመ። «ባዶ እጅ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

አሁን ለዲዋሊ በዓል ጠርተውታል፤ በጥቅምት ነው። ጣፋጭ በየሳህኑ ይኖራል፤ አንዳንዱ ከሱቅ የተገዛ፣ አንዳንዱ ከምስሉ ፊት የተነሣ። ትናንት ማታ «የቱ የቱ እንደሆነ ልጠይቅ?» ብሎ ላከ። አትጠይቅ፤ የቀረበልህን አመስግነህ ብላ፤ ፕራሳድ ነው ካሉህ ግን እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ አመስግንና ተወው፤ አሁን ለምን እንደሆነ ያውቃሉ አልነው። ከደዶ የተላከለትን ቡናም ይዞ እንዲሄድ ነገርነው። ቤታቸው ጀበና የለም፤ በድስት ያፈላዋል።