የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ መጽሐፍ ይግባበት

የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የማለፍ ምጣኔ 8.4 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ585 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 48,929 ናቸው። ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታት 3.2 እና 5.4 በመቶ ስለነበር መሻሻል መኖሩ አይካድም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ኩረጃን ለመግታት የተሠራው ሥራም ምስጋና ይገባዋል።

ይህን ጋዜጣ ያሳሰበው ከውጤቱ ወዲህ የመጣው ሩጫ ነው። ማጠናከሪያው በዝቷል፤ ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የአምናና የካቻምና ጥያቄ እያባዛ ይሸጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ክፉኛ የተጎዳው የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ጥያቄውን ያነባል፣ ተማሪው ከኤ እስከ ዲ አንዱን ፊደል ያከብባል፣ መልሱ ይነገራል፣ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። እንዲህ እየተማረ አንድም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ 12ኛ ክፍልን የሚጨርሰው ወጣት ብዙ ነው።

ይህ የአንድ የትምህርት ዓይነት ጉዳይ አይደለም። ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። አንድ አንቀጽ አንብቦ መጨበጥ ያቃተው ልጅ በሁሉም ይወድቃል፤ ወላጆቹ ግን ሰነፍ ነው ብለው ይደመድማሉ።

ቋንቋ ከሰው ልብ የሚገባው በታሪክ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ስንቱ አድማጭ ከሬዲዮው ሥር ቁጭ ብሎ አማርኛን አጣጥሟል! ያንን ሕዝብ ያስቀመጠው ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ መጓጓቱ ነበር። የእንግሊዝኛው ክፍል የተነፈገው ይህንኑ ጉጉት ነው።

መጽሐፉን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ሣህለሥላሴ ብርሃነማርያም በ1969 እ.ኤ.አ. በሄይነማን የአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ ያሳተሙት «ዘ አፈርሳታ» ቀጭን መጽሐፍ ነው። በጉራጌ ገጠር የናማጋ ጎጆ ይቃጠላል፤ አቃጣዩን ለማውጣት ሕዝቡ ደጋግሞ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ግን አይገኝም። አንድ የ9ኛ ክፍል መምህር በዚህ ታሪክ ምን ሊሠራ እንደሚችል ማሰብ ነው። ተማሪው እገሌን እጠረጥራለሁ ብሎ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ሌላው ይቃወመዋል። ሦስተኛዋ እንደ መንደሩ ሽማግሌ ተነሥታ ትናገራለች። ያለፈ ጊዜን የሚያመለክተው ግሥ፣ «ቢሆን ኖሮ» የሚለው አገባብ ሁሉ እዚያው ክርክሩ ውስጥ ይመጣል። ሰፈሩንም ሽምግልናውንም ስለሚያውቀው ልጁን የሚያታግለው ቋንቋው ብቻ ነው፤ ስለማያውቀው የለንደን ጎዳና ሲያነብ ግን ትግሉ ሁለት ይሆንበታል።

ከፍ ላሉት ክፍሎች የፀጋዬ ገብረመድኅን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ተውኔት እና የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» አሉ። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ሲደርስ አገሩ ሁሉ ኮርቷል። ታዲያ ስንት ትምህርት ቤት ነው መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ ያኖረው?

ልብ ወለድ ለደካማ ተማሪ ይከብዳል የሚሉ አሉ። ይህ ጋዜጣ አይስማማም። ደካማውን ያደከመው ጅማሬም መጨረሻም የሌለው ዓረፍተ ነገር ሲደረደርለት መኖሩ ነው። የመጻሕፍት እጥረትም እውነተኛ ችግር ነው፤ ሆኖም ስለ አንድ ቀጭን መጽሐፍ የማሳተም መብት ተነጋግሮ አገር ውስጥ ማባዛት ከመንግሥት አቅም በላይ አይደለም።

ትምህርት ሚኒስቴር በየክፍሉ ቢያንስ አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ የፈጠራ ሥራ እንዲነበብ ይወስን። መምህራን ማሠልጠኛዎች ታሪክን ለቋንቋ ማስተማሪያ የማዋልን ዘዴ ያስተምሩ። ብሔራዊው ፈተናም ከተነበበው መጽሐፍ ይጠይቅ፤ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር በዚህ አገር ክፍል ውስጥ አይነበብምና። የሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ከመግባቱ በፊት ሚኒስቴሩ አቋሙን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ይህ ጋዜጣ በአክብሮት ይጠይቃል።