ጨለለቅቱ ላይ መቶ የሚያሳይ ቴርሞሜትር

በቅርቡ ከኮቸሬ ወረዳ ከጨለለቅቱ የመጣ አንድ ተማሪያችን ዲጂታል ቴርሞሜትር ይዞ ወደ ቢሯችን ገባ። በዕረፍቱ ጊዜ በቤቱ የገብስ ቢራ ሊጠምቅ አስቦ የገዛው ነበር። «መምህር፣ ይኼ ዕቃ ተበላሽቷል፤ የፈላ ውኃ ውስጥ ስከተው 94 ብቻ ይላል» አለን። ስለዚህም በሚያነበው ቁጥር ሁሉ ላይ 6 እየጨመረ ሊሠራበት ወስኗል።

ዕቃው ግን አልተበላሸም። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚለው ከልጅነታችን ጀምሮ በቃል የያዝነው ዐረፍተ ነገር፣ በባሕር ወለል ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩም የመፍያው ነጥብ በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በ1,500 ሜትር ከፍታ 95፣ በ1,800 ሜትር 94፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 92 አካባቢ ይሆናል። አንደርስ ሴልሲየስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ የመፍያው ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አብሮ ገልጾ ነበር። እኛ ቁጥሩን ይዘን ማስጠንቀቂያውን ጣልን። እንግዲያውስ ጨለለቅቱ ላይ ሊጠረጠር የሚገባው በፈላ ውኃ ውስጥ 100 የሚያሳየው ቴርሞሜትር ነው።

ስድስት ዲግሪ ምን ያህል ይጎዳል? በብቅል ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት በጠባብ የሙቀት ክልል ነው። ቢራ ጠማቂዎች የተፈጨውን ብቅል ከውኃ ጋር አዋህደው ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆዩታል። ሙቀቱ ወደ 62 ሲወርድ ቤታ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ይበረታና ቀጠን ያለ መጠጥ ይወጣል፤ ከ70 ሲያልፍ ሥራው በአብዛኛው ለአልፋ አሚሌዝ ይቀርና እርሾው ሊበላው የማይችለው ስኳር ይበዛል፤ ከ80 ካለፈ ሁለቱም ከጥቅም ውጪ ይሆናሉ። ተማሪያችን እንዳሰበው 6 ቢጨምር ኖሮ፣ 67 ነው ብሎ የሚተማመንበት ብቅል በእውነቱ 61 ላይ ይቀመጥ ነበር። በዚያ ሙቀት የገብሱ ስታርች እንኳ ገና በቅጡ አይፈታም።

«እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ጠላ ሲጠምቁ ኖሩ» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሙያቸውንም እናከብራለን። እንኩሮው ሳይቀዘቅዝ ከጥንስሱ አይገናኝም፤ ለዚያ ደግሞ እጅ ይበቃል። እርሾ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሰፊ ሜዳ ተመችቶት ይሠራል፤ መጎዳት የሚጀምረው ከ40 ወዲያ ነው፤ ቆዳችንም 45 አካባቢ ሲደርስ ያቃጥለናል። ለእርሾ የሚሆነው ማስጠንቀቂያ ጣታችን ላይ አለ ማለት ነው። በ62 እና በ70 መካከል ግን ጣት ምንም አይነግረንም፤ ሁለቱም እኩል ያቃጥላሉ። የብቅል ቢራ ቴርሞሜትር የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

የፊዚክስ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ሊያፍር አይገባውም። የኃይል መለኪያ የሆነው ጁል ስሙን የወሰደው ከእንግሊዛዊው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል ሲሆን፣ እርሱም የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውኃ በመቅዘፊያ ሲናጥ ምን ያህል እንደሚሞቅ ሲለካ፣ ከአንድ ዲግሪ ፋራናይት እጅግ ያነሰ ለውጥ አነባለሁ ማለቱን ብዙ ባልደረቦቹ ለማመን ተቸግረው ነበር። ይህን ጥንቃቄ ከጠመቃው ቤት ሳያመጣው አልቀረም እንላለን።

ወደ ገበያው እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ በየበሩ ግንባራችን ላይ የተደገነው የኢንፍራሬድ መለኪያ ለጠመቃ አይሆንም፤ የሚያነበው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው፤ እንፋሎትና የሚያብረቀርቅ ብረትም ያሳስቱታል። የሐኪም ቴርሞሜትር 42 ላይ ያበቃል፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ሜርኩሪ ያለበትማ ከምግብና ከመጠጥ አጠገብ አይድረስ፤ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ጋኑ ሙሉ ይደፋል። ባለ ቀስቱ ክብ የብረት መለኪያ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፤ ሲወድቅም ቀስቱ ይዛባል። እኛ የምንመርጠው ወይ ከ0 እስከ 110 የሚለካውን ቀይ አልኮል ያለበትን የላቦራቶሪ ብርጭቆ፣ ወይ ረዘም ያለ የብረት ዘንግ ያለውን ርካሽ ዲጂታል ነው። የዲጂታሉ ከነጥብ በኋላ ያለች አሃዝ ግን አታታልለን። 66.3 ብሎ የሚጽፍ መሣሪያ ሁለት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱንም በአሥረኛ ቤት አሳምሮ ይጽፈዋል።

ስለዚህ ዋጋው ሳይሆን ፍተሻው ይቅደም። ውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር የላቦራቶሪው የመጀመሪያ ቀን ሥራችን በረዶ መሰባበር ነበር፤ ያን ጊዜ እንደ መናቅ ቆጥረነው ነበር። እዚህ ተመልሰን ግን እኛ ራሳችን ለስንት ዓመት ቴርሞሜትር ሳንፈትሽ ለተማሪ አድለናል! በረዶ ለፍተሻ የሚመረጠው ከፍታ የማይነካው በመሆኑ ነው፤ በባሕር ዳርቻም በጨለለቅቱም 0 ነው። ከማቀዝቀዣ እንደ ወጣ ግን ከዜሮ በታች ስለሚሆን፣ በንጹሕ ውኃ ተሠርቶ፣ ተፈጭቶ፣ ጥቂት ውኃ ተጨምሮበት፣ እየተማሰለ ጥቂት ደቂቃ መቆየት አለበት። የዘንጉ ጫፍ የዕቃውን ግድግዳ አይንካ። ከዚያ የፈላ ውኃ፣ በቦታው ከፍታ ታስቦ።

ከተማሪያችን ጋር ይህንኑ ዲላ ላይ አደረግን። በበረዶው 0.5፣ በፈላው ውኃ ከ95 ትንሽ ከፍ ብሎ አነበበ፤ ዲላ ከ1,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለችና መሣሪያው ግማሽ ዲግሪ ያህል ያበዛል ማለት ነው። ልጁ ከኪሱ ፕላስተር አወጣና «0.5 ቀንስ» ብሎ ጽፎ በጀርባው ለጠፈበት።